ሥጋ የማይገባበት ማዕድ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የወጣነው ለአማቴ ብለን ነው። እግራቸውን ታመው ብቻቸውን መኖር አልቻሉም ነበር። ባለቤቴ በሁለቱ ከተሞች መካከል ሚኒባስ ስለሚነዳ ለእሱ የትም ብንኖር ያው ነው። እኔም የስፌት መኪናዬን ይዤ የትም መሥራት እችላለሁ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ለሱቅ ተከራየሁ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ሳምንት ሳይሞላ ሥራ መጣልኝ። ስንነሣ ስለ ዕቃው ተጨነቅን፣ ስለ ቤቱ ተጨነቅን፣ ስለ አማቴ መድኃኒት ተጨነቅን። ስለ ልጃችን ግን አልተጨነቅንም። ልጅ ናት፣ ትለምዳለች አልን።

ዐሥር ዓመቷ ነበር፤ አራተኛ ክፍል። አዲሱ ትምህርት ቤት የገባችው ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። የክፍሏ ልጆች ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ናቸው።

ኮምቦልቻ ሳለን ልጄ የሰፈሩ አዛዥ ነበረች። ሱዚ ሲዘለል ማን ቀድሞ እንደሚገባ የምትወስነው እሷ ናት። ሁለት ልጆች ሲጣሉ እሷን ይጠሯት ነበር። እኔም በሩ ላይ ቆሜ እያየሁ እኮራ ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ኩራቴን ምስጋና ይመስለኝ ነበር።

ደሴ ከገባን በኋላ ዝም አለች። መጀመሪያ ብርዱ ነው አልኩ። ሹራብ ደረብኩላት። ዝምታው ግን አልቀረም።

“ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትሽ?”

“ከሁሉም ጋር።”

“ምሳሽንስ?”

“ከሁሉም ጋር አልኩሽ እኮ፣ እማ።”

አንድም ስም አትጠራም። ኮምቦልቻ እያለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሃያ ልጅ ስም ትደረድርልኝ ነበር።

ስለዚህ ስድስት ሰዓት ሲሆን እጄ ከመኪናው ላይ መነሣት ጀመረ። ትምህርት ቤቱ ከሱቄ የሰባት ደቂቃ መንገድ ነው። በአንድ በኩል አጥሩ ሽቦ ስለሆነ ግቢው ይታያል። እዚያ ሄጄ እቆማለሁ፤ አያለሁ፤ እየሮጥኩ ተመልሼ ዙህር እሰግዳለሁ። አንዳንድ ቀን ስንት ረከዓ እንደሰገድኩ ይጠፋኛል፤ እንደገና እጀምራለሁ።

በሩን የሚጠብቁት ዘበኛ ሽማግሌ ናቸው። ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። በሦስተኛው ቀን ነው መሰለኝ ያናገሩኝ።

“ዛሬም መጣሽ?”

“በዚህ በኩል ሳልፍ ነው፣ አባባ።”

“በዚህ በኩል መንገድ የለም። መጨረሻው አጥር ነው።” ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጨመሩ፤ “አራተኛ ክፍል ላስመዝግብሽ እንዴ?”

አፍሬ ሳቅሁ። በማግስቱም ግን ሄድኩ።

ያየሁት ይኼን ነው። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ አንድ ትልቅ ጥድ አለ። ከሥሩ አራት ሴት ልጆች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ሁለቱ ሒጃብ ለብሰዋል፤ ሁለቱ አንገታቸው ላይ ማተብ አስረዋል። ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው መሐል ያስቀምጡና አንዷ ከሌላዋ እየቆረሰች ይበላሉ። ይጎራረሳሉ፣ ይጮኻሉ፣ ይስቃሉ። ሌሎቹ የክፍሉ ልጆች እነሱን እያዩ ነው የሚውሉት። እነሱ ሱዚ ሲሉ ግቢው ሱዚ ይዘላል፤ ሰኞ ማክሰኞ ሲሉ መሬቱ በጠመኔ ይሰመራል።

ልጄ የክፍሉ ደረጃ ላይ ብቻዋን ናት። የምሳ ዕቃውን ክዳን በግማሽ ከድና ቶሎ ቶሎ ትጎርሳለች።

ቅጽል ስምም አውጥተውላታል። አንድ ቀን በጆሮዬ ሰማሁት። ከኮምቦልቻ ደሴ ሲመጣ የሐረጎን ዳገት መውጣት ግድ ነው፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሰው ያስመልሳል። “ሐረጎ መጣች! ሐረጎ መጣች! ዞር በሉ፣ ታዞራለች!” ብለው ሮጡ። ልጄ ሳቀች። ቀልዱ የጋራ እንዲመስል የምትስቀውን ሳቅ አወቅሁት። እየሮጥኩ ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

ምሳዋ ይሆናል አልኩ። ሽሮና ድንች እየቋጠርኩላት አሳፍሬያት ይሆናል። ፓስታ ሠራሁ፤ ዕንቁላል ፍርፍር ሠራሁ። ምሳው አማረ፤ ልጄ ደረጃው ላይ ቀረች። ባለቤቴ “ተያት፣ ጊዜ ይፈታዋል” አለኝ። እሱ መሪውን ይዞ ዳገት ቁልቁል ሲል ይውላል፣ ይረሳዋል። እኔ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው፤ መርፌው ሲመላለስ ሐሳቤም ይመላለሳል። ያረቢ፣ አንዲት ብቻ ስጣት እል ነበር። አራቱን አልለመንኩም።

ግንቦት ላይ ሰጣት።

ከአራቱ አንዷ ታማ ቀረች። ለሱዚ ሰው ጎደለ። ልጄ በእሷ ቦታ ገባችና እስከ አንገት ድረስ አንዴም ሳትነካ ዘለለች። ይኼን የነገሩኝ ዘበኛው ናቸው፤ ያን ቀን ለአማቴ መድኃኒት ልገዛ ሄጄ አጥሩ ጋ አልነበርኩም። ማታ ልጄ “ነገ ሽሮ አድርጊልኝ፣ በዘይት ብቻ” አለችኝ።

“ፓስታው ምን ሆነ?”

“ዝም ብለሽ ሽሮ አድርጊልኝ።”

በማግስቱ ከጥዱ ሥር አምስት ሆኑ። ልጄ ዳር ላይ ነው የተቀመጠችው፣ ጉልበቷን ሰብስባ፤ ግን ምሳ ዕቃዋ መሐል ነበር። ሽቦውን ይዤ አለቀስኩ።

“አሁንስ ምን ሆንሽ?” አሉኝ ዘበኛው።

“ደስ ብሎኝ ነው፣ አባባ።”

“ሲከፋሽም ደስ ሲልሽም እዚሁ ነሽ። አንድ ቀን ስም መጥሪያው ደብተር ላይ ያስገቡሻል።”

ሱቄ ገብቼ ሱጁድ ወረድኩ።

አረፋ ሲደርስ በግ አረድን። አማቴ እንኳ ተደግፈው ወጥተው ከእኛ ጋር በሉ። ከበዓሉ በኋላ ትምህርት ሲከፈት ማልጄ ተነሥቼ ጥብስ ጠበስኩ፤ ምሳ ዕቃውን እስከ አፉ ሞላሁት።

“ሥጋ አይሁን፣ እማ” አለችኝ።

“ለምን?”

“አልፈልግም።”

“በአረፋ ሰሞን ሽሮ ይዘሽ ልትሄጂ? ምን ይሉናል?”

“እማ፣ እባክሽ።”

“ከጓደኞችሽ ጋር ብዪው። የኛ ልጆች አሉ አይደል፣ ደስ ይላቸዋል።”

የኛ ልጆች ያልኳቸው ባለሒጃቦቹን ነው። ሌሎቹ ሁለቱ በሐሳቤ አልመጡም። እኔ ወሎ ተወልጄ ያደግሁ ሴት ነኝ። እስላም ክርስቲያን ያረደውን፣ ክርስቲያንም እስላም ያረደውን እንደማይበላ ለእኔ የሚነግረኝ የለም። ኮምቦልቻ ሳለን በየበዓሉ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንን ስንጠራ በጉን ራሳቸው እንዲያርዱት በሕይወቱ ነበር የምንሰጣቸው። ያን ጠዋት ግን ልጄ እንድትከበር ስለቸኮልኩ ይኼን ሁሉ ረሳሁ። ለምን አልፈልግም እንዳለችም አልጠየቅሁ። ምሳ ዕቃውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትቼ ዚፑን ዘጋሁት።

ከሰዓት በኋላ ባዶውን ተመለሰ።

“ማሻአላህ! ጨረሳችሁት?”

“አልቋል” አለችና አያቷ ክፍል ገባች።

በማግስቱ ከጥዱ ሥር አራት ነበሩ። ልጄ ደረጃው ላይ ናት። በሁለተኛውም ቀን፣ በሦስተኛውም። ምሳ ዕቃው ሳይነካ ይመለስ ጀመር። ስጠይቃት “አላሰኘኝም” ትላለች። ያን ሳምንት የአንድ ሰው ኮት ኪስ ገልብጬ ሰፋሁ፤ ፈትቼ ስሰፋው አሁንም ገልብጬ ሰፋሁት። በመጨረሻ ዘበኛውን ጠየቅኋቸው።

“ምን ተፈጠረ፣ አባባ? እርስዎ አይጠፋዎትም።”

“ያንቺው ሥራ ነው እኮ” አሉኝ። “እዚያ ዛፍ ሥር ሥጋ አይገባም። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ዕንቁላልም ቅቤም አይገባም። ሕጋቸው ነው።”

“ማን ያወጣው ሕግ?”

“ራሳቸው ናቸዋ! ሁለተኛ ክፍል እያሉ አንዷ ባለማተብ ከጓደኛዋ ምሳ ዕቃ ሳታውቅ ሥጋ ቀመሰች። እናቶቻቸው መጥተው እዚህ በር ላይ ተጨቃጨቁ፤ እኔ ነኝ የገላገልኳቸው። በማግስቱ ልጆቹ፣ እንግዲህ ሥጋ ቀርቷል አሉ፤ ቀረ። ትልልቆቹ ብንሆን ይኼኔ ስብሰባ ላይ ነን።”

“ልጄ ታውቅ ነበር?”

“ሲያስገቧት ነግረዋታል። አንቺ ነሽ ያላወቅሽው። ጥብሱ ሲከፈት ሁለቱ እስላሞች ተጠጉ። የአረፋ ሥጋ ነው፣ እንዴት ይለፋቸው! ሁለቱ ክርስቲያኖች ምሳ ዕቃቸውን ከድነው ተነሡ። ሦስት ዓመት አብረው የበሉ ልጆች ያን ቀን ለየብቻ በሉ። በማግስቱ አራቱ ታረቁ። ጥፋቱ ለማን ይሁን? ለአዲሷ።”

“ልግባና የኔ ጥፋት ነው ልበላቸው።”

“አትግቢ!” ከበርጩማቸው ብድግ አሉ። “ከገባሽማ ስምንተኛ ክፍል እስክትደርስ አይረሱላትም።”

ተመለስኩ። ያን ቀን ልጄ ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታወርድ ያዝኳት።

“ሥጋውን ማን ላከልሽ ሲሉሽ ምን አልሽ?”

ማን እንደነገረኝ አልጠየቀችም። “እኔ ነኝ አስጠብሼ ያመጣሁት አልኩ።”

“ለምን እናቴ ናት አላልሽም?”

“እናትሽ ምንም አታውቅም እንዴ ይሉኛል። አንቺን እንዲሰድቡሽ አልፈልግም።” ቦርሳዋን አወረደች። “ደግሞ አጥሩ ጋ አትቁሚ፤ በነገራችንም አትግቢ።”

“አይተሽኛል?”

“ሁሉም ያዩሻል። ‘የሐረጎ ዘበኛ መጣች’ ይላሉ።”

አራት ወር ሙሉ አንድ ቃል አልነገረችኝም። እኔ ልጠብቃት ሄድኩ ስል እሷ ናት ስትጠብቀኝ የኖረችው። እጇን ሳምኩት። “እሺ” አልኳት።

አጥሩን ተውኩ። ቀላል አልነበረም። ስድስት ሰዓት ሲሆን እነሣለሁ፣ ሱቁ በር ድረስ እሄዳለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ለስግደት ታጥቤ ውዱዕ አድርጌ ሳለ እንደገና አደርጋለሁ። ደንበኛ ሲያናግረኝ ሁለቴ አስደግመዋለሁ።

በአራተኛው ቀን አንዲት ልጅ በፌስታል ዩኒፎርም ይዛ ገባች። ወዲያው አወቅኋት። ከጥዱ ሥር ስትናገር ሌሎቹ ዝም የሚሉላት ባለማተቧ ናት።

“እትዬ፣ ዚፑ ተበላሽቶብኛል።”

“አምጪው።”

ቆማ ታየኝ ጀመር። “እርስዎ አይደሉ አጥሩ ጋ የሚቆሙት?”

“ነበርኩ። አሁን ትቻለሁ።”

“አይተናል” አለች። እንደ ትልቅ ሰው ራሷን ነቀነቀች።

አትግቢ ተብያለሁ። ልጄም፣ ሽማግሌውም ብለውኛል። ግን እኔ ወደ ግቢው አልሄድኩም፤ ልጅቷ ናት በሬ ድረስ የመጣችው። ቢስሚላህ ብዬ መቀሱን አስቀመጥኩ።

“ሥጋውን የላክሁት እኔ ነኝ። ልጄ አታድርጊ ብላኝ ነበር፤ አልሰማኋትም።”

“እሷ ግን ራሴ ነኝ ያስጠበስኩት ብላለች።”

“ዋሽታ ነው።”

“ለምን?”

“እኔን እንዳትሰድቡብኝ።”

ልጅቷ ግንባሯን ቋጠረች። “ወላሂ በሉ።”

በትንሽ በትልቁ አልምልም። ማተቧን እየነካካች በኔው መሐላ ስታስምለኝ ግን እምቢ የምልበት አቅም አልነበረኝም። “ወላሂ” አልኳት።

“እንግዲያ መዋሸቷም ጥፋት ነው” አለች። አባባስኩት አልኩ። “ግን ለእናቷ ብላ ከሆነ... ሦስቱን እጠይቃቸዋለሁ። ብቻዬን አልወስንም።”

“ካሣ ካለው እኔ ልክፈል።”

“ካሣውማ የእርስዎ ነው።” ለዚህ ማሰብ አላስፈለጋትም። “ዓርብ የአምስታችንንም ምሳ እርስዎ ይሠራሉ። የጾም። ድንች ወጥ ግን አይሁን፣ ሰልችቶናል።”

“አምስታችሁን?”

“ሦስቱ እሺ ካሉ አምስት ነን። እምቢ ካሉ የአራት ይሆናል።”

ዚፑን ቀይሬ “ሂጂ፣ ይቅር” አልኳት። አልተቀበለችኝም። “እሱ ለብቻው ነው፤ ጉቦ ይሆናል” ብላ ከፍላ ወጣች።

ሐሙስ ማታ ልጄ አኩርፋ መጣች። “ነገርሻት አይደል?”

“ሱቄ ድረስ መጣች። ዝም ልበላት?”

“አትግቢ ብዬሽ ነበር።”

“ስንት ሆናችሁ?” አልኳት።

ኩርፊያዋን ሳትፈታ ከጎኔ ተቀመጠች። ከዚያ “ሳምቡሳ ትችያለሽ?” አለች።

ዓርብ ፈጅር ሰግጄ የምስር ሳምቡሳ ጠበስኩ። ስንት እንደሆነ አልቆጠርኩም። ለአምስት ይሁን ለአራት ሳላውቅ ነው የጠበስኩት። ልጄ በትልቁ ሰሐን ይዛው ሄደች። ያን ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን የሱቄን በር ከውስጥ ዘግቼ ተቀመጥኩ፤ እግሬን አላመንኩትም። ከመስጊድ የጁምዓው ድምፅ ይሰማል። አላሁመ፣ አሳንሼም ከሆነ አንተ ሙላው አልኩ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ፣ እኔ ቤት ገብቼ ምድጃው ጎን ሳለሁ፣ መጣች። ሰሐኑ ባዶ ነው፤ ከንፈሯ በዘይት ያብለጨልጫል።

“እና?”

“ለሁላችንም ሦስት ሦስት ደረሰን። አንድ ተረፈ፤ ለዘበኛው ሰጠናቸው።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ሱዚ ዘለልን” አለች፣ ሌላ ምን ይኖራል በሚል ድምፅ። ቦርሳዋን ወርውራ ወደ አያቷ ሮጠች። ኮምቦልቻ እያለን እንደዚያ ነበር የምትወረውረው። እኔ እዚያው ምድጃው ጎን ግንባሬን መሬት አስነካሁ። አልሐምዱሊላህ። ሁለተኛ ጭንቀት አይኖረኝም ብዬ አመንኩ።

መስከረም ላይ አምስተኛ ክፍል ገቡ። አምስቱም አንድ ላይ ናቸው። ልጄ እንደ ድሮዋ ስም ትደረድርልኛለች። አንድ ቀን እንዲሁ ስታወራ “ከቢስቲማ አንዲት ልጅ መጥታለች” አለችኝ። “ጫማዋ ትልቅ ነው፤ ስትሮጥ ይወልቃል።” ሳቀች።

“ምሳዋን ከማን ጋር ትበላለች?”

“ብቻዋን።”

“ለምን?”

“ሕጉን አታውቅማ።”

“ንገሯታ።”

“ገና እያየናት ነው።”

“ማን ነው የሚያያት?”

“እኛ” አለች። ዳቦዋን እየገመጠች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

ይቺን ቃል ከአፏ ለመስማት አራት ወር ዱዓ አድርጌያለሁ። ስሰማት ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኛል። ግን ያን ማታ አንዲት የማላውቃት ሴት ከሐሳቤ አልወጣ አለች። ቢስቲማን ትታ ደሴ የገባች፣ ልጇን “ከማን ጋር በላሽ?” ብላ የምትጠይቅ፣ “ከሁሉም ጋር” የምትባል።

ጠዋት ምሳ ዕቃውን ከወትሮው አብልጬ ሞላሁት። ረቡዕ ነበር፤ ሽሮ በዘይት። ክዳኑ አልገጥም አለ።

“ይኼ ሁሉ ለማን ነው?” አለችኝ ልጄ።

“ለሚርበው።”

“እማ፣ አትግቢ ብዬሻለሁ።”

“የት ገባሁ? ምሳ ነው የቋጠርኩት።”

አተኩራ አየችኝ። ሌሎቹን ከጥዱ ሥር የምታየው እንዲህ ይሆናል አልኩ። ከዚያ ክዳኑን በሁለት እጇ ተጭና ዘጋችውና ወጣች።

ለማን እንደሰጠችው አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አብልጬ እሞላዋለሁ። በየቀኑ ባዶውን ይመለሳል። ማን እንደሚበላው አላህ ያውቃል።